ዋጋው የት ነው ያለው? ለአነስተኛ የትምህርት ማዕከል ዌብሳይት ስትሠሩ

ለአንድ አነስተኛ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። ሲያልቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ቀለሙ ከአርማው ጋር ይሄዳል፣ የማዕከሉ ባለቤትም ወዶታል። በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን ለማስመዝገብ ቢሮ መጣች። "ዌብሳይታችን ላይ ሁሉም ነገር አለ፣ እስቲ ይመልከቱት" ተባለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር።

ስልኳን አወጣች። ገጹ እስኪከፈት ጠበቀች። መጀመሪያ የመጣላት በራሱ የሚቀያየር ትልቅ ፎቶ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስትጀምር ሌላ ፎቶ ይተካዋል። ወደ ታች ወረደች። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። አሁንም ወረደች። የመሥራቹ መልእክት። "ዋጋው የት ነው ያለው?" አለችኝ። ሜኑ ውስጥ "አገልግሎቶች" የሚል አየችና ነካችው። እዚያ ደግሞ "ለዝርዝር መረጃ ያውርዱ" የሚል ፒዲኤፍ አለ። አወረደችው። ለወረቀት የተዘጋጀ ስለሆነ ፊደሉ ስልክ ላይ ጉንዳን ያክላል። በሁለት ጣቷ አሰፋችው፣ ወደ ግራ ጎተተችው፣ ወደ ቀኝ ጎተተችው፣ በመጨረሻ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "በቃ እናንተው ንገሩኝ" አለች።

ያቺ እናት የጠየቀችው የምትጠይቀው ሰው ፊቷ ስለነበር ነው። ቤቷ ሆና ቢሆን ገጹን ዘግታ ወደ ሌላ ትሄድ ነበር። እኛም መሄዷን አናውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ዌብሳይት የምጀምረው ሰዎች ከሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

ስልክ የሚያነሳውን ሰው ጠይቁ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙና ስልክ አጠገብ አስቀምጡ። ለሁለት ሳምንት የሚደውል ሰው ሁሉ የጠየቀውን፣ ሰውዬው በተናገረበት ቃል፣ ጻፉ። አታሳምሩት። "ልጄ ሒሳብ ላይ ደክሟል፣ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" ካለ እንደዛው ይጻፍ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ የተደጋገመውን ቁጠሩ።

ብዙ ጊዜ የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስንት ነው? ለስንተኛ ክፍል ነው? ስንት ሰዓት ነው? መቼ ይጀመራል? የት ነው፣ ወይስ በኦንላይን ነው? ማን ነው የሚያስተምረው? የአዋቂዎች ማሰልጠኛ ከሆነ ደግሞ "ሰርተፍኬት ትሰጣላችሁ ወይ?" ይጨመራል። መልሱ በግማሽ ደቂቃ ካልተገኘ የቀረው ውበት ምንም አይሠራም።

ቃላቸውንም ውሰዱት። እናንተ "የአካዳሚክ ድጋፍ ፕሮግራም" ትሉታላችሁ፣ ወላጅ ግን "የሒሳብ ማጠናከሪያ" ነው የሚለው። ጎግል ላይ የሚጽፈውም እሱኑ ነው። ገጻችሁ ላይ ያ ቃል ከሌለ ጎግልም እናንተን ከዚያ ፍለጋ ጋር ለማገናኘት ይቸገራል፣ ወላጁም ገጹን ከፍቶ "እኔ የምፈልገው ይሄ ነው?" ብሎ ግራ ይገባዋል።

መጀመሪያ የሚታየው

ገጹ ሲከፈት፣ ጣት ሳይነካው፣ ስልክ ላይ የሚታየውን ያህል ቦታ አስቡ። ትንሽ ናት። እዚያች ላይ ምን እንደምታስተምሩ፣ ለማን እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ መታወቅ አለበት።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ላይ የነበረው ጽሑፍ "የነገን ትውልድ በጥራት የምናንጽ የላቀ የትምህርት ማዕከል" የሚል ነበር። ክፉ ነገር የለውም። ግን የመዋኛ ትምህርት ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ መዋዕለ ሕፃናትም ሊለው ይችላል። እሱን አወጣነውና ይህን አስገባን፦

"ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሒሳብና የሳይንስ ማጠናከሪያ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ። በአንድ ክፍል ከ8 ተማሪ አይበልጥም።"

ከስሩ ሁለት ቁልፍ አደረግን፦ "ዋጋና ሰዓት ይመልከቱ" እና "ይደውሉ"። በቃ። ልጁ 10ኛ ክፍል የሆነ ወላጅ ይህን አንብቦ ይሄዳል፣ ልክ ነው፣ ጊዜውን አላባከንንበትም። ልጁ 7ኛ ክፍል የሆነ ደግሞ ትክክለኛው ቦታ እንደመጣ ወዲያው ያውቃል።

በራሱ የሚቀያየረውን ፎቶ አውጡት። ይህን ስል ብዙ ባለቤቶች ቅር ይላቸዋል፣ ምክንያቱም ሁሉም ክፍል የራሱ ፎቶ ፊት ላይ እንዲወጣ ይፈልጋል። ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ለብዙ ሰው ማስታወቂያ ስለሚመስለው ዓይኑ ይዘለዋል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰውም ሳይጨርስ ይነጠቃል። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች መመሪያ የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የሚባል ድርጅት እንኳ በራሱ ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌላ ይዘት ጋር አብሮ ሲቀርብ ማቆሚያ እንዲኖረው ይጠይቃል። አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃል። እሱም የራሳችሁ ክፍል ፎቶ ይሁን እንጂ ከኢንተርኔት የተገዛ፣ የማያውቋችሁ ሕፃናት የሚስቁበት አይሁን። ወላጅ ያውቀዋል።

ሜኑውን በተመለከተ ብዙ አልልም። አምስት ነገር ይበቃል፦ ትምህርቶች፣ ዋጋና ሰዓት፣ አስተማሪዎች፣ ምዝገባ፣ አድራሻ። "አገልግሎቶች"፣ "መፍትሔዎች"፣ "ሀብቶች" የሚባሉ ስሞች ውስጣቸው ምን እንዳለ አይናገሩም። ስልክ ላይ ሜኑው በሦስት መስመር ምልክት ተደብቆ የሚቀመጥ ከሆነ አጠገቡ "ሜኑ" ብላችሁ ጻፉበት። ምልክቱን የማያውቅ ሰው ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው፣ በተለይ አያት የልጅ ልጁን ሲያስመዘግብ።

ዋጋውን ጻፉት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከባለቤቶች ጋር ብዙ የምከራከረው በዚህ ነው። "ዋጋ ካወጣን ተፎካካሪ ያየዋል" ይላሉ። ተፎካካሪያችሁ ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ ወላጅ መስሎ ደውሎ ይጠይቃል፣ የሚያግደው የለም። "ደውለው ይጠይቁን፣ ስንነጋገር እናሳምናቸዋለን" ይላሉ። የሚደውለው ሰው አለ። የማይደውለውስ? ዋጋ ለመጠየቅ መደወል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ አቅሙ እንደማይፈቅድለት ሲሰማ ላለመሸማቀቅ ነው የማይደውለው፣ ሌላው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው፣ ሌላው ደግሞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው ጊዜ የሚያገኘው፣ ያኔ ደግሞ እናንተ ቢሮ የላችሁም። ዋጋ የሌለበት ገጽ ለብዙ ሰው "ውድ ነው" ማለት ነው።

ዋጋው እንደ ሁኔታው የሚለያይ ከሆነ "ከዚህ ይጀምራል" በሉና በምን ምክንያት እንደሚጨምር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ከቁጥሩ ይልቅ ወላጅ የሚናደደው ኋላ ላይ በሚመጣ ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህን ግልጽ አድርጉ፦ ክፍያው በወር ነው ወይስ በተርም? የመመዝገቢያ ለብቻው አለ? መጽሐፍና መለማመጃ ይጨምራል? ልጁ ታሞ ቢቀር ምን ይሆናል? ወንድምና እህት አብረው ሲመጡ ቅናሽ አለ? ቢያቋርጥ የሚመለስ ገንዘብ አለ?

ዋጋና ሰዓት አንድ ገጽ ላይ ይሁኑ። ሰው ሁለቱን የሚያስበው አንድ ላይ ነው። እና እባካችሁ፣ ሰንጠረዡን በፎቶ አታስቀምጡት። ብዙዎች ለቴሌግራም ያዘጋጁትን ፖስተር እንዳለ ገጹ ላይ ይለጥፉታል። ሲያሰፉት ይደበዝዛል፣ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራም ፎቶ ውስጥ ያለውን ቁጥር አይነግረውም፣ ዋጋ ሲቀየር ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ፖስተሩን የሠራውን ልጅ ፍለጋ ትሄዳላችሁ። ሰፊ ሰንጠረዥም ስልክ ላይ ወደ ጎን ይወጣል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ አነስተኛ ሳጥን መሥራት ይሻላል፦

"ሒሳብ፣ 7ኛ ክፍል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከትምህርት በኋላ ለ90 ደቂቃ። ክፍያ በወር፤ መለማመጃ ደብተር ተካቷል። የመጀመሪያው ቀን በነፃ።" ከስሩ "ይመዝገቡ" የሚል ቁልፍ።

ትክክለኛውን ሰዓትና ቁጥር እናንተ ታስገባላችሁ። ትምህርቱ በኦንላይን ከሆነና ሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች ካሏችሁ፣ ሰዓቱ በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። ይህ ባለመጻፉ ብቻ የመጀመሪያውን ክፍል ያመለጠው ተማሪ አውቃለሁ።

ስልክ ላይ ሥሩት

ሠሪው ትልቅ ስክሪን ላይ ይሠራል፣ ወላጁ ስልክ ላይ ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለውጥ በስልክ እያያችሁ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በየቀኑ። ጎግልም ቢሆን ገጻችሁን የሚመዝነው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው።

የፊደል መጠን ከ16 ፒክስል (የስክሪን መለኪያ ነው) አይነስ። አማርኛ ከሆነ እኔ 18 አደርገዋለሁ። ምክንያቱ ፊደላችን ራሱ ነው። "ሉ" እና "ሊ"ን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ልዩነታቸው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት መሃል ላይ መሆኗና ታች ላይ መሆኗ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ጭረት ትጠፋለች፣ አንባቢው በግምት ማንበብ ይጀምራል፣ ይደክመዋል። በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ የፊደሉን መጠን አንድ ተኩል ያህል አድርጉት። ፊደሉን ማዝመም (ኢታሊክ የሚሉትን) ተዉት፣ ለፊደላችን አይሆንም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት በነፃ ይገኛል፣ ስልክ ላይም በደንብ ይነበባል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ወደ ገጹ እንዳለ ብትገለብጡት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ እንደገና መጻፍ ወይም መቀየር ግድ ነው። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም በኮዱ ውስጥ መገለጽ አለበት። ሠሪውን "ይህን አድርገሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፣ አንድ ቃል ነው።

ነጭ ላይ ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። ቢሮ ውስጥ ያምራል። ፀሐይ ላይ ግን ምንም አይታይም፣ ወላጅ ደግሞ ስልኩን የሚያየው ልጁን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። መለኪያ አለው፦ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብሩህነት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1። ነጭ ላይ ጥቁር 21 ለ 1 ነው። ሁለት ቀለም ስታስገቡ ቁጥሩን የሚነግሯችሁ ነፃ ገጾች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። በቀለም ብቻ መልእክት አታስተላልፉ። "አረንጓዴ ቦታ አለ፣ ቀይ ሞልቷል" ብላችሁ ብትተዉት ሁለቱን ቀለም የማይለይ ሰው አለ። "ሞልቷል" ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ቁልፎች ለአውራ ጣት ይመቹ። አፕል ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ፣ የጎግል የአንድሮይድ መመሪያ ደግሞ 48 በ48 ይላሉ። ከዚያ በላይ አስፈላጊው ነገር መራራቃቸው ነው። "ይደውሉ" እና "ይሰርዙ" ተጣብቀው ከተቀመጡ ችግር ይፈጠራል።

ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን። አድራሻው ሲነካ ካርታ ይክፈት። ይህን ለማድረግ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ቁጥሩን በፎቶ ላይ የጻፉ ስንት ገጾች አይቻለሁ! ሰውዬው ወረቀት ፈልጎ ገልብጦ ይደውል?

ፍጥነት

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎቶ ነው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ዓይነት ስድስት ፎቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካለ፣ ወላጁ የገዛው ዳታ ዋጋችሁን ሳያይ አለቀ ማለት ነው። ከመጫናችሁ በፊት ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አካባቢ አሳንሱና ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት፤ ጎግል ያወጣው ነው፣ በተመሳሳይ ጥራት ከተለመደው የፎቶ ዓይነት ከጄፔግ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

ጎግል ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለው። አድራሻችሁን ታስገባላችሁ፣ ሦስት ዋና ነገር ይነግራችኋል። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ ይስጥ፣ ገጹም አይዝለል። የመጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ "ይመዝገቡ" ልትነኩ ጣታችሁን ስታወርዱ ከላይ ፎቶ ይመጣና ገጹ ወደ ታች ይገፋል፣ ሌላ ነገር ትነካላችሁ። የፎቶው ወርድና ቁመት አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ ከተጻፈ ቦታው ተይዞ ይጠብቃል፣ ዝላዩም ይቀራል።

ቪዲዮ በራሱ አይጀምር። ድምፅ ያለው ከሆነማ ጭራሽ። ዩቲዩብ ላይ ጫኑትና አንድ ፎቶ አድርጋችሁ ሊንኩን ከሱ ጋር አያይዙት፣ የፈለገ ይነካዋል።

ፎርሙ

የመጀመሪያው የምዝገባ ፎርማችን 14 ጥያቄ ነበረው። የተማሪው ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የሁለቱም ሥራ፣ የቤት አድራሻ፣ ያለፈው ዓመት ውጤት፣ ፎቶ ይያያዝ፣ እያለ ይሄዳል። የቢሮው የወረቀት ፎርም ነው እንዳለ የተገለበጠው። ሰው ጀምሮ ይተወዋል።

ቁጭ ብለን አንድ በአንድ "ይህን ዛሬ ካላወቅን መደወል አንችልም?" እያልን ጠየቅን። አራት ቀረ። የወላጅ ስም፣ ስልክ፣ የልጁ ክፍል፣ ለመደወል የሚመች ሰዓት። የቀረው ልጁ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ይሞላል። ያ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ የሕፃናት መረጃ ነው፣ ያልያዛችሁት ነገር ከእጃችሁ ሊወጣ አይችልም። ፎቷቸውንም ከወላጅ ፈቃድ ውጭ ገጽ ላይ አታውጡ፣ ፈቃድ ቢኖርም ሙሉ ስም አትጻፉበት።

የጥያቄው ስም ከሳጥኑ በላይ ይጻፍ። ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ የሚጻፈው መተየብ ሲጀመር ይጠፋል፣ ሰውዬውም "ምን ነበር የጠየቁኝ?" ይላል። ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን ሲነካ የቁጥር መተየቢያ ይምጣ። ቁጥሩን ክፍተት እያስገባ የጻፈ ሰው አይመለስ፣ ክፍተቱን ማጥፋት የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ስህተት ሲኖር "ስህተት ተፈጥሯል" አትበሉ፣ የተሳሳተው ሳጥን ሥር "ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ የጎደለው ይመስላል" በሉ። የጻፈውንም ሁሉ አጥፍታችሁ ከዜሮ አታስጀምሩት። ይህን ያህል የሚያናድድ ነገር የለም።

ሲልክ "ተልኳል" ብቻ አይበቃም። "አመሰግናለሁ፣ ነገ እስከ እኩለ ቀን ከዚህ ቁጥር እንደውላለን" በሉትና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ በሰዓቱ ደውሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስለሚያሳዝነኝ ነው። አንድ የቋንቋ ማሰልጠኛ ፎርሙ የሚልከው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ነበር። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይል ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተመዘገቡ ሰዎች እዚያ ተጠራቅመው ተገኙ። አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። ስለዚህ ፎርሙን በየወሩ መጀመሪያ ራሳችሁ ሙሉትና መድረሱን እዩ።

አድራሻችሁ በኤችቲቲፒኤስ (https) የሚጀምር መሆኑንም አረጋግጡ፣ ሰው የሚልከው መረጃ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ የጎግል ማሰሻ ክሮም በዚህ የማይጀምሩትን ገጾች "ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" እያለ ያሳያል። ስልክ ቁጥሩን ሊሰጣችሁ የነበረ ወላጅ ይህን አይቶ ይሸሻል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ዲጂታል ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፣ ዌብሳይታችሁ የሚቀመጥባቸው አብዛኞቹ የሆስቲንግ ድርጅቶችም በአንድ ቁልፍ ይከፍቱታል።

አስተማሪዎቹ

ከዋጋ ቀጥሎ ወላጅ የሚያየው ይሄን ነው። ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ይፈልጋል። የእያንዳንዱ አስተማሪ ፎቶ፣ የሚያስተምረው ትምህርት፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በራሱ አንደበት። "ክፍልፋይ ላይ የተቸገረ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀት አጣጥፈን ነው የምንጀምረው" የሚል አንድ መስመር ከሦስት ዲግሪ ዝርዝር በላይ ይናገራል። ዲግሪውም ይጻፍ፣ ግን ቀጥሎ። "100 ፐርሰንት ውጤት እናረጋግጣለን" አትበሉ። እውነት ስላልሆነ ነው፣ ወላጅም እንደማይሆን ያውቃል።

በምን ይሠራ?

ራሳችሁ ማስተካከል በምትችሉት። ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ዎርድፕሬስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ነፃ ነው፣ የሚያውቀው ባለሙያም ማግኘት ቀላል ነው፣ ግን ማደሻዎቹን በየጊዜው መጫን ይፈልጋል፣ ካልተጫነ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። አምስት ገጽ ብቻ ከሆነ ጎግል ሳይትስ ወይም ዊክስ የሚባለው ቀላል መሥሪያ ይበቃል። የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ሊንኩን አስገቡ፣ ግን ዋጋና ሰዓት እዚያ በመቶ ፖስት ሥር ይቀበራል።

የቱንም ብትመርጡ የዌብሳይቱ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ በእናንተ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። ፓስዎርዶቹም እናንተ ጋ ይሁኑ። ሠሪው ስልክ ማንሳት ሲያቆም ስሙም አብሮት የሄደባቸው ሰዎች አሉ፣ ለዓመታት ያስተዋወቁትን አድራሻ ጥለው በአዲስ ስም ጀመሩ።

አምስት ሰው ጋብዛችሁ ሞክሩት

የድረ ገጽ አጠቃቀምን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው ነገር አለ፦ በአምስት ሰው መሞከር አብዛኛውን ችግር ያወጣል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ገጹን አይተው የማያውቁ አምስት ሰዎች ፈልጉ፣ ቢቻል ወላጆች፣ ቢያንስ አንዱ በዕድሜ የገፋ። የራሳቸውን ስልክ ይጠቀሙ። "ለ7ኛ ክፍል ልጅዎ የሒሳብ ትምህርት በወር ስንት እንደሆነ ፈልገው ይንገሩኝ" በሏቸውና ዝም በሉ።

ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። እጃችሁ "እዚያ ጋ ነው!" ሊል ይፈልጋል። ተቆጣጠሩት። ጣታቸው የት እንደቆመ፣ የት እንደተመለሰ፣ ምን ነክተው ምን እንደጠበቁ ጻፉ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ችግሩ የገጹ ነው። አስተካክሉና በሌላ ሰው ድገሙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ገጹን ትኩስ አድርጎ ማቆየት ነው። ባለፈው ዓመት የተጀመረ ምዝገባን "አሁን ተጀምሯል" የሚል ገጽ ያየ ሰው ማዕከሉ ተዘግቷል ብሎ ያስባል። በየተርሙ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት መድቡና ዋጋውን፣ ቀኑን፣ የአስተማሪዎቹን ዝርዝር እዩ። ስልክ ቁጥሩን ከገጹ ላይ ነክታችሁ ደውሉ፣ የሚያነሳ ሰው መኖሩን ስሙ።

ያንን የማጠናከሪያ ማዕከል ዌብሳይት በዚህ መንገድ እንደገና ሠራነው። ደብተሩ አሁንም ስልኩ አጠገብ ነው። የሚደውሉት ወላጆች "ዋጋው ስንት ነው?" ማለት ትተዋል። አሁን ደብተሩ ላይ በብዛት ያለው "የማክሰኞው ክፍል ቦታ አለው ወይ?" የሚል ነው፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት በእያንዳንዱ ትምህርት ሳጥን ሥር የቀረውን ቦታ ብዛት እየጨመርን ነው።